ካርድ ከመምጣቱ በፊት፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን መከታተል

ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የወላጅ ሥራ ይለወጣል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራ ማሠራት እንደ ድሮው አያዋጣም፤ ትምህርቱ ከወላጁ ዕውቀት ሊያልፍ ይችላል፣ ጎረምሳውም እንደ ቁጥጥር ያየዋል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ 20 ደቂቃ ይያዙ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ካሉት «ደህና» ይልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ይልቅ «ያላስረከብከው ሥራ አለ?» ይበሉት። እኩል ክብደት ካላቸው አራት ሥራዎች በሦስቱ በእያንዳንዳቸው 80 ያገኘ ልጅ አራተኛውን ባለማስረከቡ ዜሮ ቢያዝበት አማካዩ 60 ይሆናል። እንደነገሩ ሠርቶ 50 ቢያገኝ እንኳ 72.5 ነበር።

ታርሞ የተመለሰ ፈተና ከካርድ የበለጠ ይናገራል። ስህተቶቹን ልጁ ራሱ ይለያቸው፦ ያልገባው፣ ገብቶት የረሳው፣ ጥያቄውን በጥድፊያ የሳተው፣ ሰዓት ያለቀበት። ሁሉንም «አላጠናህም» ብሎ መጠቅለል ቀላል ነው፤ ግን መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። ያልገባውን ይዞ መምህሩን ይጠይቅ። ለረሳው ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ብዙም አይረዳም፤ ሲያነቡት የሚያውቁት ይመስላልና። ደብተሩን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፣ ከዚያ ያመሳክር፤ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ይድገመው። የሚጣደፈው ከጥያቄው ውስጥ ቁልፍ ቃሉን ያስምርበት። ሰዓት የሚያልቅበት የቆዩ ፈተናዎችን በሰዓት ይለማመድ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ዘግይቶ ስለሚመነጭ ማምሸቱ ሁሉ ስንፍና አይደለም። ስልኩ ግን ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ይደር፤ የወላጁም ጭምር፣ አለዚያ ሕጉ ብዙ አይቆይም።

መምህሩን ለማነጋገር ካርድ አይጠብቁ፤ ትምህርት በተጀመረ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ይሂዱ፤ ማስተካከያ ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው። ልጁም አብሮ ይግባ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱ ከምን ከምን ይደመራል? የትኛው ምዕራፍ ከበደው? በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ምን ይሥራ? በአቤቱታ ከጀመሩ መምህሩ ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል፣ ጊዜውም በዚያው ያልቃል። የመጨረሻውን መልስ ልጁ በራሱ እጅ ይጻፈው፤ ከመውጣትዎ በፊት መልሳችሁ የምትገናኙበትን ቀን ይቁረጡ።