ዝም ያለ ሁሉ አልተስማማም፦ በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ተስማምቶ ለመወሰን

ከጓደኞቼ ጋር የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የምትቀይር ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸው ውስጥ የሚያስገቧት ኮድ) ሜንቴይን እናደርጋለን፤ እየጠገንን እናቆያታለን ማለት ነው። ኦፕን ሶርስ ናት፤ ኮዷን ማንም ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊቀይረው ይችላል። ደሞዝ የለም፣ አለቃም የለም። «አድርግ» ብሎ የሚያዝ ስለሌለ ሁሉን ነገር ተስማምተን ነው የምንወስነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ ለምትገቡ፣ አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሐሳቡን አጥብቡት። «የቀን አያያዛችንን እናሻሽል» ካላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ትከራከራላችሁ። «በሚቀጥለው ሪሊዝ (አዲስ በሚወጣው ቅጂ) የወር ቁጥር ከ1 ይጀምር» ካላችሁ ግን የሚያዝ ነገር አለ። ይሄ እኛ ጋ የመጣ ጥያቄ ነው። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጃንዋሪን 0 ብሎ ስለሚቆጥር፣ እኛም መስከረምን 0 ብለን ነበር። ጳጉሜ 12 ሆነች ማለት ነው። ለማን ይነገራል!

ቀጥሎ ቀን ቁረጡ። ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ያቀፈው አፓቼ ፋውንዴሽን ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት እንዲቆይ ይመከራል። አንዱ ሲያትል፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ ሌላው ቅዳሜና እሁድ ኮምፒውተር አይነካም። ለቀላል ጉዳይ ደግሞ ድምፅም አያስፈልግም፤ ሐሳቡ ቀርቦ የተቃወመ ከጠፋ እንደተስማሙ ይቆጠራል።

እኛ ሐበሾች የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። «እሱን የሚያህል ሰው በአደባባይ እንዴት እቃወማለሁ» ብለን ዝም እንላለን፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ በቴሌግራም በውስጥ «እኔስ አልጣመኝም ነበር» እንላለን። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እዚህ አይሠራም። ስለዚህ «ተስማማን?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ይሄ ቢገባ የማን ሥራ ይበላሻል?» በሉ። እኛ እንዲህ ስንጠይቅ፣ ሦስት ሰው +1 (እደግፋለሁ) ካለ በኋላ፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቅ አለ። «የምሠራበት ክሊኒክ ቀጠሮ በሙሉ በአንድ ወር ይዛነፋል» አለ። አለቀ። አሮጌው ፈንክሽን (ወሩን ከ0 የሚቆጥረው የኮድ ክፍል) እንዳለ ቀረ፤ ከ1 የሚቆጥር ሌላ ፈንክሽን በአዲስ ስም ተጨመረ። ማን ምን እንዳለም ከነምክንያቱ ከኮዱ ጋር በአንድ ፋይል አስቀመጥን።

−1 (እቃወማለሁ) ያለ ሰው ምክንያቱን ይጻፍ። አፓቼ ውስጥ አንድ ሰው በ−1 የኮድ ለውጥ ማገድ ይችላል፤ ቴክኒካዊ ምክንያት ከሌለው ግን ቬቶው (እገዳው) አይቆጠርም። ሪሊዝን ደግሞ በቬቶ ማገድ አይቻልም፤ ቢያንስ ሦስት +1 ካለና ድጋፉ ከተቃውሞው ከበለጠ ይወጣል። ይሄን ክፍፍል እወደዋለሁ። አንድ ለውጥ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሪሊዝ በአንድ ሰው እጅ ከታገተ ግን የሁሉም ሥራ ይቆማል።

ከተቃዋሚ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የማይደክመው ሰው ነው። ያንኑ ነገር ደጋግሞ ይጽፋል፤ ሌላው ሰልችቶት ይተዋል፤ ከዚያ «ተስማማን» ይባላል። ለሱ «ይሄ ተነስቷል፣ መልሱ እዚህ አለ፤ አዲስ ነገር ካለህ አምጣ» በሉትና እለፉ። ክርክር ሰው ይበላል። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በ2018 ከመሪነት የለቀቀው፣ := የምትባለዋን ምልክት ለማስገባት ከተደረገው አድካሚ ክርክር በኋላ ነው። ፓይተንን አሁን የሚመራው አምስት ሰው ያለበት የተመረጠ ምክር ቤት ነው፤ ከአንድ ኩባንያ ከሁለት ሰው በላይ አይገባበትም። ብልህ ሕግ ነው። አንድ ቀጣሪ ያላቸው የሦስት ሰዎች +1 አንዳንዴ የአንድ ሰው +1 ነው።

ካልተስማማችሁ ምን እንደምታደርጉ ሳትጣሉ በፊት ጻፉት። በ2014 ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ሲስተምዲን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ይጠቀም አይጠቀም በሚለው ላይ ስምንት አባላት ያሉት የቴክኒክ ኮሚቴ አራት ለአራት ተከፈለ። ሰብሳቢው በእኩል ድምፅ ጊዜ የመለየት መብት ስለነበረው ሲስተምዲ አለፈ። ያልተዋጠላቸው ወጥተው ከዴቢያን ኮድ ተነስተው ዴቭዋን የሚባል የራሳቸውን ፕሮጀክት ጀመሩ።

እናንተም ጋ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ኮዱን ይዞ እንዲሄድ የኮዱ ላይሰንስ ይፈቅድለታል። አትለምኑት፣ አትስደቡትም። ባግ (የኮድ ስሕተት) ሲያገኝ እሱው ራሱ ይልክላችኋል።