በአይሱዙ ጋቢና ላይ አነስተኛ ሶላር እንዴት እንደሚዘረጋ

ደብረ ብርሃን ወይም ጣርማበር ላይ ጋቢና ውስጥ የሚያድር ሾፌር፣ መብራትና ሬዲዮ ከፍቶ ስልኩን ከመኪናው ባትሪ ላይ ሰክቶ ካደረ፣ ጠዋት በውርጭ የደከመው ባትሪ ሞተሩን ላያስነሳለት ይችላል። ስለዚህ ለጋቢናው ራሱን የቻለ ባለ 12 ቮልት ሶላር መዘርጋት ይሻላል። ከመኪናው ሁለት ባትሪዎች አንዱን ነጥሎ 12 ቮልት መሳብ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አያድርጉት። አይሱዙ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ ባትሪዎች የሚሞሉት በአንድ መስመር ነው። አንዱ ብቻ ሲሳብ እሱ ሳይሞላ ይቀራል፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሞታሉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ ባለ 10 አምፔር ኮንትሮለር (ፓኔሉን፣ ባትሪውንና መብራቱን የሚያገናኝና የባትሪውን መሙላትና መዳከም የሚቆጣጠር)፣ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ አንድ ባለ 15 እና ሁለት ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣቸው፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል፣ ሬዲዮና ሁለት ስልክ በቀን 150 ዋት-ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ፓኔሉ በበጋ ከዚህ እጥፍ ያህል ይሰጣል። ይህ ትርፍ መስሎ አይታይዎት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲወርድ ግማሹም ላይገኝ ይችላል። ስልክ ለመሙላት ኢንቨርተር (12 ቮልቱን ወደ ቤት መብራት ዓይነት 220 ቮልት የሚቀይር) መግዛት ብክነት ነው፤ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ኃይል ይበላል። በ12 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሶኬት ይበቃል።

ባትሪው የታሸገ፣ ጄል ወይም ኤጂኤም፣ ይሁን። ሞተር ለማየት ጋቢናው ወደ ፊት ሲደፋ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ አሲዱን ወንበር ላይ ያፈሳል። ሊቲየም ቀላልና ጥሩ ነው፤ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል፣ የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። ባትሪውን ከወንበሩ ጀርባ በአንጎላሬ ብረትና በቀበቶ ጠፍረው ያስሩ።

ፓኔሉን ፖርቶመጋላው ላይ በብሎን ያስሩ፤ ከሥሩ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርዱ አየር ያላገኘ ፓኔል ይግላል፣ የጋለ ፓኔል ደግሞ ትንሽ ይሰጣል። የካሶኒው ወይም የሸራው ጥላ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ፤ አንድ ጥግ ብቻ ቢጠላ እንኳ ኃይሉ ክፉኛ ይወርዳል። ገመዱ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የላስቲክ ቀለበት ያድርጉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የመኪና ኤሌክትሪክ የለመደ እጅ ፖዘቲቩን ብቻ በገመድ ስቦ ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ ማሰር ይቀናዋል። ርካሽ ኮንትሮለሮች ግን አብዛኞቹ መስመር የሚቆርጡት በኔጌቲቩ በኩል ነው። የአምፖሉም የባትሪውም ኔጌቲቭ ቦዲ ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ ኮንትሮለሩን ዘሎ ያልፋል፤ ባትሪው ሲዳከም መብራቱን የሚያጠፋለት የለም፣ እስኪሟጠጥ ይበራል። የፓኔሉም ኔጌቲቭ ቦዲ ላይ ከሆነ ይብሳል፦ ፓኔሉ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይጭናል፣ ባትሪው ከልክ በላይ ሞልቶ ያብጣል። ለማወቅ፣ ምንም ሳይገናኝ በፊት ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርገው የኮንትሮለሩን ሦስት ፖዘቲቮች (የፓኔል፣ የባትሪና የመብራት) ሁለት ሁለቱን በቴስተሩ ጫፎች ይንኩ። ከጮኸ ከላይ የተባለው ዓይነት ነው። ባይጮህም እንኳ ለሁሉም መስመር ሁለት ሁለት ገመድ መዘርጋት ይሻላል፤ የሚጨምረው ጥቂት ሜትር ገመድ ነው።

15 አምፔሩ ፊውዝ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከባትሪው 20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ። ኮንትሮለሩ አጠገብ ማድረግ ዋጋ የለውም፦ ገመዱ መሃል ላይ ተልጦ ብረት ከነካ፣ ከባትሪው እስከ ተላጠበት ድረስ ያለው ገመድ ይነዳል፣ ፊውዙም ዳር ሆኖ ያያል። ለመብራቱና ለሶኬቱ ባለ 5 አምፔሮቹን ለየብቻ ያድርጉ። ለአንድ ፓኔል ፊውዝ አያስፈልግም፤ እርስ በርሱ ቢገናኝ እንኳ 6 አምፔር ገደማ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ሲያገናኙ ፓኔሉን በጋቢ ወይም በሸራ ሸፍነው መጀመሪያ ባትሪውን ይሰኩ። ኮንትሮለሩ 12 ይሁን 24 የሚያውቀው ከባትሪው ነው፤ ፓኔል ከቀደመ 20 ቮልት አካባቢ ያይና ይሳሳታል፣ ወይም ይቃጠላል። ከዚያ ፓኔል፣ በመጨረሻ መብራት። ሲፈቱ በተገላቢጦሽ። መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው የለም፤ በቴርሚናል ተጨምቆ ይታሰር።

እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ሲለኩ ባትሪው ከ13.5 እስከ 14.4 ቮልት ያሳያል፤ ሲበርድ ትንሽ ከፍ ቢል አይደንግጡ። ያኔ ኮንትሮለሩ ላይና ባትሪው ላይ ያለውን ንባብ ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ከበለጠ የላላ ብሎን ወይም የቀጠነ ገመድ አለ። ወደ መንዝ በጠጠር መንገድ አንድ ጊዜ ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ የፓኔሉን ዳዶዎች ሁሉ እንደገና ያጥብቁ።