«ሃርድሊ» እና «ሃርድ» እንዳይምታቱባችሁ

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ በእንግሊዝኛ «ጠንክሬ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ወርክ ሃርድሊ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት! ጠያቂው «ሥራ እምብዛም አልነካም» ያላችሁ ሊመስለው ይችላል። ትክክለኛው «አይ ወርክ ሃርድ» ነው። «ስሎው» «ስሎውሊ» ስለሚሆን ሁሉም ላይ «ሊ» እንጨምራለን፤ «ሃርድ» ግን እንደ «ፋስት» ሳይለወጥ ነው ግስን የሚገልጸው።

መለያው ቀላል ነው፦ ሐሳቡን በአማርኛ ስትሉት «እምብዛም» ብላችሁ ግሱን በአሉታ ከዘጋችሁ «ሃርድሊ» በሉ፤ ቦታውም ከዋናው ግስ በፊት ነው። ስልክ ሲቆራረጥ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ» (እምብዛም አይሰማኝም) እንደሚባለው። አሉታው በውስጡ ስላለ «ካንት ሃርድሊ» አይባልም። «አይ ሃድ ሃርድሊ አራይቭድ ዌን…» ላይ ግን ይህ መለያ አይሠራም፤ እዚያ «ገና ከመድረሴ» ማለት ነው።