በአሜሪካ ለሒሳብ ምርምር የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል? የዋሽንግተን ውሳኔስ ገንዘቡን የት ይነካዋል?

የሒሳብ ተመራማሪ ውድ መሣሪያ አይገዛም። የሚያስፈልገው አንድን ጥያቄ ይዞ የሚቀመጥበት ጊዜ፣ አብሮት የሚያስብ ሰውና የጉዞ ወጪ ነው። ስለዚህ በጀቱ ከሞላ ጎደል የሰው ደመወዝ ነው፤ ገንዘቡ ሲቋረጥም መጀመሪያ የሚናጋው የዶክትሬት ተማሪው ኑሮ ነው።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሠራ የሒሳብ ምርምር ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚያልፈው በአንድ በር ነው። ይህም በ1950 የተቋቋመው የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ በአጭሩ ኤንኤስኤፍ፣ የሒሳብ ሳይንሶች ክፍል ነው። ይህ መመሪያ በአሜሪካ ማስተማር ለጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ለተቃረቡ የሒሳብ ሰዎች የተጻፈ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጻፍዎ በፊት

አመልካቹ በሕግ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ እርስዎ ዋና ተመራማሪ ነዎት። ለመደበኛው የምርምር ድጋፍ ዜግነት አይጠየቅም። ለድኅረ ዶክትሬት የሒሳብ ፌሎሺፕና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ፌሎሺፕ ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የግድ ነው። ይህን ሳያጣሩ ወራት ማባከን ያሳዝናል።

ክፍሉ በዘርፍ የተከፋፈለ ነው፦ አልጀብራና የቁጥር ቲዎሪ፣ አናሊሲስ፣ ቶፖሎጂ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኮምቢናቶሪክስ፣ ስታቲስቲክስና ሌሎችም። የማስገቢያው ቀን ከዘርፍ ዘርፍ ስለሚለያይና ስለሚቀየር የባለፈውን ዓመት ቀን አይመኑ። ኤንኤስኤፍ የሰጣቸውን ድጋፎች አጭር መግለጫ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በዘርፍዎ ማን በምን ሐሳብ እንደተደገፈ ያንብቡ። ከዚያ የሐሳብዎን አንድ ገጽ መግለጫ ለዘርፉ ፕሮግራም ኦፊሰር፣ ማለትም ዘርፉን ለሚከታተለው የኤንኤስኤፍ ባለሙያ፣ ይላኩ። የሚጠይቁት «ሐሳቤ ጥሩ ነው?» ብለው አይሁን፤ ፍርዱ የገምጋሚዎች ነው። «ይህ ጥያቄ በእናንተ ዘርፍ ይስተናገዳል? ከሌላ ዘርፍ ጋር በጋራ ቢታይ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ደብዳቤ ይፈሩታል። መመለስ ግን የኦፊሰሩ የሥራ ድርሻ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ድጋፍ ቢሮ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ያሳውቁ። ፕሮፖዛሉን የሚያስገባው እሱ ነው፤ ብዙ ቢሮዎችም ከኤንኤስኤፍ ቀን በፊት የራሳቸው መዝጊያ ቀን አላቸው።

ሰነዱ

የፕሮጀክቱ ማጠቃለያ አንድ ገጽ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ጠቅላላ እይታ፣ ሳይንሳዊ ዋጋ እና ሰፊ ፋይዳ (ሥራው ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም)። ዋናው መግለጫ ከ15 ገጽ አይበልጥም። በውስጡም ሰፊ ፋይዳው ራሱን በቻለ ርዕስ መለየት አለበት፤ ርዕሱ ከጠፋ ወይም ገጹ ከበለጠ ሰነዱ ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል። በላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ኮምፒውተር ሞደርን በሚባለው ፊደል ከጻፉ የፊደሉ መጠን 11 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዳር ዳሩ አንድ ኢንች ይተው።

ዋናው ፍልሚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ ነው። በፓናሉ፣ ማለትም በግምገማ ስብሰባው፣ ከተቀመጡት ገምጋሚዎች መካከል የእርስዎን ጠባብ ርዕስ ጠንቅቀው የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹ በተቀራራቢ ርዕስ የሚሠሩ ናቸው። የጥያቄውን ታሪክ ለስድስት ገጽ ተርከው የራስዎን ሐሳብ በሰባተኛው ከጀመሩ አንባቢው ደክሟል። የምትፈልጉትን ቲዎረም በሁለተኛው ገጽ ላይ አስቀምጡ።

ከዚያ ጥያቄዎቹን አመጣጥኑ። አንድ ትልቅ ያልተፈታ ጥያቄ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው «ካልተሳካስ?» ይባላል። ቀላል ነገር ብቻ የያዘው ደግሞ «ለዚህ ገንዘብ ለምን?» ይባላል። ግማሹ የተሠራ አንድ ጥያቄ፣ መንገዱ የታወቀ ሌላ፣ ሩቅ የሆነ ሦስተኛ ቢኖር ጥሩ ሚዛን ነው። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያው እርምጃ ምን እንደሆነ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራና ክርክሩ የት ሊሰበር እንደሚችል ጻፉ። እንቅፋቱን አስቀድሞ ማሳየት ደካማ አያስመስልም፤ ጉዳዩን ውስጡ ገብቶ ያየ ሰው ምልክት ነው።

ሰፊ ፋይዳ ላይ «ሥራው ወደፊት ለምስጢር ጽሑፍ (ክሪፕቶግራፊ) ይጠቅማል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለማን፣ በየስንት ጊዜ፣ ከማን ጋር፣ ውጤቱ በምን እንደሚታወቅ ይጻፍ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ የሚካሄድ የሒሳብ ክበብ፣ ቦታውና ኃላፊው ተለይቶ ከተጻፈ፣ ከአሥር ትልልቅ ተስፋዎች ይበልጣል።

በጀቱን በቁጥር

ደንቡ ከሁሉም የኤንኤስኤፍ ድጋፎች ተደምሮ በዓመት ከሁለት ወር የማይበልጥ የመምህር ደመወዝ ይፈቅዳል። ለምሳሌ የዘጠኝ ወር ደመወዝዎ 90,000 ዶላር ቢሆን የክረምቱ ሁለት ወር 20,000 ነው። ጥቅማ ጥቅም 25 ከመቶ ቢሆን 5,000፣ የአንድ ዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ 30,000፣ የተማሪው የትምህርት ክፍያ 15,000፣ ጉዞ 4,000 እንበል። ቀጥተኛው ወጪ 74,000 ይሆናል። በዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለሕንፃ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለአስተዳደር የሚወስደው ተዘዋዋሪ ወጪ አለ። የሚሰላው የትምህርት ክፍያው ተቀንሶ በ59,000 ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመንግሥት ጋር የተስማማበት መጠን 55 ከመቶ ከሆነ 32,450 ይጨመራል፤ ዓመቱ 106,450፣ ሦስቱ ዓመት ያለ ጭማሪ 319,350 ዶላር ይመጣል።

«ዩኒቨርሲቲዬ ይህን ያህል ዶላር ከራሱ ይጨምራል» የሚል ቃል አይጻፍ፤ በቁጥር የተገለጸ የበጎ ፈቃድ መዋጮ ክልክል ነው።

ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ፦ በፌዴራል ገንዘብ የሚገዛ የአውሮፕላን ትኬት በመርህ ደረጃ በአሜሪካ አየር መንገድ ወይም በአሜሪካ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር የተቆረጠ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ስለሚበር ብዙዎች ያለ ሐሳብ ይገዙታል፤ ኋላ ሒሳቡ ሳይወራረድ ይቀራል። ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ ከመግዛትዎ በፊት ከጉዞ ቢሮው በጽሑፍ ያስፈቅዱ።

በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የክብር ወይም የተጋባዥ መምህርነት ካለዎት፣ ደመወዝ ባይከፈልበትም በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያስመዝግቡት። በኢትዮጵያ መሥራት ክልክል አይደለም፤ ችግር የሚያመጣው መደበቅ ነው። ከ2022ቱ የቺፕስና ሳይንስ ሕግ ወዲህ የውጭ ግንኙነትን የማሳወቅ ቁጥጥር ጠብቋል።

ፖሊሲው ገንዘቡን የሚነካበት መንገድ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ፕሬዚዳንቱ የበጀት ጥያቄ ያቀርባል፤ ገንዘቡን የሚመድበው ግን ኮንግረስ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፦ ለ2026 የቀረበው ጥያቄ ኤንኤስኤፍን ከ9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 3.9 ቢሊዮን የሚያወርድ ነበር። ጥያቄ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ኮንግረስ እስኪወስን ድረስ መሥሪያ ቤቱ እጁን ይሰበስባል፣ መልስም ይዘገያል። በጀቱ በጊዜ ካልጸደቀ በቀድሞው መጠን የሚሠራበት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል። እሱም ከጠፋ መንግሥት ይዘጋል፤ በ2018–19 ለ35 ቀን፣ በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ለ43 ቀን ተዘግቷል። ያኔ የግምገማ ስብሰባዎች ይራዘማሉ። በተለመደው ጊዜ መልስ በስድስት ወር ገደማ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ተማሪ በዚህ ገንዘብ ለመቅጠር ቃል የሚገቡት ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ብቻ ይሁን።

የድጋፉን ደብዳቤ ሲያነቡ ዓይነቱን ይዩ። መደበኛ ድጋፍ ከሆነ የሁሉም ዓመታት ገንዘብ በመጀመሪያ ይመደባል። ተከታታይ ድጋፍ ከሆነ በየዓመቱ ይለቀቃል፤ የሁለተኛው ዓመት ገንዘብ በዚያ ዓመት በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለአንድ ተመራማሪ የመጀመሪያው ይመረጣል። ለዘርፉ በጠቅላላ ግን በተመሳሳይ በጀት በዚያ ዓመት የሚደገፉት ሰዎች ያንሳሉ።

በሜይ 2025 ኤንኤስኤፍ የዩኒቨርሲቲዎችን ተዘዋዋሪ ወጪ በ15 ከመቶ ሊገድብ ወሰነ፤ በጁን የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ከላይ ባለው ምሳሌ 32,450ው ወደ 8,850 ይወርድ ነበር። የ23,600ው ልዩነት ወደ ተመራማሪው ኪስ አይገባም። ፕሮፖዛልዎን የሚያስገባውን ቢሮና ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዘው ገንዘብ ነው የሚጎድለው።

በጁላይ 2025 መጨረሻ ደግሞ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 300 የሚጠጉ የኤንኤስኤፍ ድጋፎች ታገዱ። ከነዚህ መካከል ከሒሳብ ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ የተሸለመው የቴረንስ ታኦ ድጋፍና በግቢው ያለው የንጹሕና ተግባራዊ ሒሳብ ተቋም ድጋፍ ይገኙበታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፍርድ ቤት እንዲመለሱ አዘዘ። የፊልድስ ሜዳልያ እንኳ ከለላ አለመሆኑ ሁላችንንም ሊያሳስበን ይገባል።

ስለዚህ አንድ ምንጭ ብቻ አይያዙ። የግል ድርጅት የሆነው የሳይመንስ ፋውንዴሽን ለሒሳብ ሰዎች የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል፤ በበርክሌይ፣ በፕሮቪደንስና በቺካጎ ያሉ የሒሳብ ተቋማትም የተጋባዥ ተመራማሪዎችን ወጪ ይሸፍናሉ። አገር ቤት ያለ ባልደረባዎ ደግሞ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 በጣሊያን ትሪየስተ የመሠረተውን ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል የተባባሪነት ፕሮግራም ይመልከት፤ ማዕከሉ የሒሳብ ክፍልም አለው።

ድጋፉ ከተሰጠ በኋላ ሥራው ከዘገየ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ እስከ 12 ወር ማራዘም ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲው ማብቂያው ቢያንስ 10 ቀን ሲቀረው ማሳወቅ አለበት። ካልተሰጠ የገምጋሚዎቹ አስተያየት ይላክልዎታል። አንድ ሳምንት ያሳድሩትና ለኦፊሰሩ ይደውሉ። ብዙ ገምጋሚ ያነሳውን ነጥብ ሳያስተካክሉ መልሰው ካስገቡት ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል።