ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ እየተፈታ ላስቸገራችሁ

ደሴ ነው የምኖረው። ሳምቡሳዬ ዘይት ሲነካ ጫፉ ይከፈታል፣ ምስሩ ይበተናል፣ የተረፈውም ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። ጫፉን በሹካ ተጫንኩት፣ አልያዘም። በእንቁላል ነጭ ለጠፍኩት፣ ያው ነው። እሳት ስጨምር ላዩ አረረ፣ ውስጡ ሊጥ ቀረ።

መፍትሔው የጀመረው ከምስሩ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ድፍን ምስር ቶሎ አይበስልም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ቀቅላችሁ ሳይፈርስ አውጡት፣ በደንብ አጥልሉና ትሪ ላይ በትናችሁ አቀዝቅዙት። እርጥብ ምስር ነው ጉዱ።

ቀጥሎ ሊጡ። መዳመጫ ከሌላችሁ የለስላሳ ጠርሙስ ይበቃል። ሁለት ድቡልቡል ሊጥ ጠፍጠፍ አድርጉ፣ መሃላቸውን ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱ፣ ደርባችሁ ዳምጡ። የጋለ ምጣድ ላይ ሳይቀላ ቶሎ አገላብጡትና ገና ትኩስ እያለ ለያዩት። ሁለት ስስ ቂጣ ይወጣላችኋል (የሱቅ የሳምቡሳ ቂጣ ማን ይገዛል!)። እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ቆርጣችሁ ከሞላችሁ በኋላ ጫፉን በውሃ በተበጠበጠ ወፍራም ዱቄት ለጥፉት። ሙጫ በሉት።

ዘይቱ ላይ ቁራጭ ሊጥ ጣሉ፤ ሰምጦ አረፋ እያወጣ ከተነሳ ደርሷል። አንዴ ብዙ አትጨምሩ፣ ዘይቱ ይቀዘቅዛል።