ኤሲው ብሬከር ሲጥል፦ መልሳችሁ ከማንሳታችሁ በፊት

ሰመር በገባ ቁጥር ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ስልኬ አያርፍም። «ኤሲው ብሬከር እየጣለ አስቸገረን!» ስጠይቃቸው ብሬከሩን እያነሱ ነው ያመሹት። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። ብሬከሩ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ የሚወድቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ኤሲው መስኮት ላይ የሚገባው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የተለመደው የመኝታ ቤትና የሳሎን መስመር 120 ቮልትና 15 አምፒር ነው። ቢበዛ 1,800 ዋት ይችላል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ኤሲው ሲጨመርበት መስመሩ አይችለውም። አንዲት እህት «የሚጥለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አለችኝ። የምትጋግረውም ቅዳሜ ነው። ምጣዱን ሌላ ብሬከር ባለው ሶኬት ላይ ሰኩት። ኤሲን በተራ ኤክስቴንሽን መሰካት ግን እሳት መጥራት ነው።

ውጭ የቆመው ትልቁ ኤሲ ከሆነ ቴርሞስታቱን፣ ማለት ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ አጥፉ። የብሬከሩ እጀታ መሃል ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው ግፉት፣ ከዚያ መልሱት። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ቴርሞስታቱን አብሩና አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ። ወዲያው ከጣለ ሾርት (የሽቦ መነካካት) ወይም የተበላሸ ኮምፕረሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋው ሞተር) ሊሆን ይችላል፤ ተዉት፣ ባለሙያ ጥሩ። ሲሠራ ቆይቶ ከጣለ ግን የአየር ማጣሪያውን ፊልተር አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። የውጭውን ማሽን ብሬከሩን አጥፍታችሁ የተለጠፈበትን ሣርና አቧራ በውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡ።

እኔ የተበላሁበትን ልንገራችሁ። ኤሲዬ ሊነሳ ሲል እያጉረመረመ ብሬከር ይጥል ነበር። የመጣው ሰውዬ ክዳኑን በቅጡ ሳይከፍት «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር» ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጻፈልኝ። ዛሬ ካልፈረምክ ዋጋው ይጨምራል አለ። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ቀብድ ተቀበለኝ። በኋላ ሌላ ሐበሻ ቴክኒሺያን ሲያየው የተበላሸው ካፓሲተሩ ነበር። ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳ፣ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው፤ አናቱ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው አብጧል። በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል። ቀብዱ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ «ካፓሲተሩን ለክተሃል? ቁጥሩን አሳየኝ» በሉ። ሁለተኛ ሰው ሳያየው አትፈርሙ። ራሳችሁ ልትቀይሩትም አትሞክሩ፤ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል፣ ይመታል።

«የ15 አምፒሩን ብሬከር በ20 ቀይረው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አትስሙት። ሽቦው ለ15 የተዘረጋ ከሆነ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ተከራዮች ደግሞ ለአከራያችሁ ቢሮ በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ «ማንም አልነገረንም» ይሏችኋል። የወደቀውን ብሬከር ፎቶ አንስታችሁ በጽሑፍ ላኩ። «ከ8 እስከ 5 ይመጣል» ብለው ከሥራ ያስቀሯችሁና ሰውየው ላይመጣ ይችላል። በማግስቱ ደግማችሁ ጻፉ። ጭስ ካያችሁ ወይም ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ቢሮ አትጠብቁ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ።