ልጅ ያለችበት አገር ሲታመስ፦ ከጎጃም ሆኖ መውጫዋን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ስዑር ነበር። ደብረ ማርቆስና ሞጣ ለፋሲካ ዶሮ ሲበለት ካርቱም አየር ማረፊያ ውስጥ ተኩስ ነበር፤ በረራም በዚያው ቀን ቆመ። ልጃችሁ ለሥራ ዓረብ አገር ካለች «መንግሥት አውሮፕላን ይልካል» ብሎ መቀመጥ እንግዲህ ዝግጅት አይባልም። ቆንስላ የሚያወጣው እዚያ አገር መኖሩን የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ይህን የማሳወቁ ሥራ ግማሹ የቤተሰብ ነው።

1. ስሟን አጣሩ። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደላላ ዕድሜ ጨምሮ፣ ስም ለውጦ የላካት ልጅ ጥቂት አይደለችም። እናቷ «ይታይሽ» እያለች የምታለቅስላት ልጅ የቆንስላው ዝርዝር ላይ «ዘሃራ» ተብላ ልትገኝ ትችላለች። የፓስፖርቷን የፎቶ ገጽ አንስታ ትላክላችሁ። ስሙን እዚያ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው አንድ ፊደል ሳታጎድሉ ገልብጡ፤ የትውልድ ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር አትመልሱት። የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥሯን፣ የአሠሪዋን ስምና ስልክ፣ የምትኖርበትን ሰፈርና የላካትን ኤጀንሲ ጨምሩበት። ከዚያ በወረቀት አሳትሙት። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደከረመ ታውቃላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተቀመጠ ፎቶ ያኔ አይከፈትም። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ስጡ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው።

2. በሰላሙ ቀን ትመዝገብ። ቤይሩት፣ ጅዳና ዱባይ ቆንስላ ጄኔራል አለን፤ ሌላ አገር ከሆነች ኤምባሲውን ትጠይቅ። ስልክ በቀየረች ቁጥር ታሳውቅ። ማዳሟ ከቤት የማታስወጣት ከሆነ በአቅራቢያዋ ያለች የአገሯ ልጅ ስሟን ታድርስላት። ቆንስላ በአንድ ቀን ለሺዎች መደወል ስለማይችል በየሰፈሩ የሚታወቅ ሰው መያዝ የቆየ አሠራር ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ትወቅ።

3. ቆንስላው የሚችለውንና የማይችለውን ለዩ። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት መሠረት ለዜጋው የጉዞ ሰነድ ይሰጣል፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ቢቀርም በሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ በሚሰጥ የመመለሻ ሰነድ) ትመለሳለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ሰነድ ያልነበረው ብዙ ነበር። ሊሴ ፓሴ ግን ኢትዮጵያዊት መሆኗን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ ወይም የወላጅ መታወቂያ ቅጂ። የመውጫ ቪዛ በሚጠየቅበት አገር ፈቃዱ የዚያ መንግሥት ነው፤ ቆንስላው ከመደራደር አያልፍም። ያልተከፈላትን ደመወዝ በወር በወሩ ጽፋ ትያዝ፤ እሱን ስትጠብቅ ግን መኪናው እንዳያመልጣት።

4. የመውጫው ጥሪ ሲመጣ ሰዓቱን ደግማ ትጠይቅ። «በ2 ሰዓት» የተባለው በእኛ ነው በእነሱ? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። አንድ የእጅ ቦርሳ፣ ቻርጀር፣ መድኃኒት ካላት መድኃኒቷን፤ ሌላው ይቅር።

«ዝርዝር ውስጥ አስገባታለሁ» ብሎ በቴሌብር ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ሳንቲም አትላኩ። መጀመሪያ ሚኒስቴሩን ጠይቁ።

5. በየብስ የምትመጣ ከሆነ መቀበያውን አስቡ። ከሱዳን የሸሸው ብዙ ሰው የገባው በመተማ ነበር። ከዚያ ጎንደርንና ባሕር ዳርን አልፎ ጎጃም ለመድረስ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ቢዘጋ ጎንደር የምታርፍበትን ቤት ከነስልኩ አስቀድማችሁ ስጧት።